ኖራና ሲሚንቶ፤ በጎንደር ደጋ አሮጌ ቮልስ ስለ መጠገን

አሮጌ መኪናን በተተኪ መለዋወጫ ማኖር፣ ማለትም ዋናው ፋብሪካ ባልሠራው ነገር ግን ቦታውን ይዞ ሥራውን በሚሠራ ዕቃ እየጠገኑ መንዳት፣ በኢትዮጵያ ኑሮ የወለደው ሙያ ሲሆን፣ በሙያው ዙሪያ ሁለት እምነቶች ሲከራከሩ ይሰማል፤ አንደኛው ሞተሩ እስከተነሣ ድረስ የተገኘው ዕቃ ሁሉ ይበቃል የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ኦርጅናል ያልገባበት መኪና እንደሞተ ይቆጠራል የሚል። ሁለቱም የተሳሳቱ መሆናቸውን ለማየት ከጎንደር የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል፤ ከተማዋ ይህንኑ ጥያቄ በድንጋይ ላይ ቀድማ አይታዋለችና።

በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሠፈረው የፋሲል ግቢ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግኖ ነበር፤ በኋላ የመጡ ጠጋኞች ግን ያንን ሲሚንቶ እያነሡ በቦታው ጥንታዊው ግንብ የተሠራበት ኖራ እንዲተካ አድርገዋል። ምክንያቱ ሲሚንቶ ደካማ ስለሆነ አልነበረም፤ ከአሮጌው ግንብ ይልቅ ጠንካራ በመሆኑና እርጥበትን አፍኖ በመያዙ ጉዳቱን ወደ ድንጋዩ የሚያሻግር ስለሆነ ነው። ኖራ ግን ለስላሳ ነው፤ እርጥበቱን ያስወጣል፤ ሲያረጅም ድንጋዩን ሳይጎዳ ተፍቆ በሌላ ይተካል። ከዚህ የሚገኘው መመዘኛ ተተኪው ከዋናው አካል ቀድሞ የሚያልቅና ሲፈለግም የሚነሣ መሆን አለበት የሚል ሲሆን፣ ለአሮጌ መኪናም ይሠራል።

በአገራችን ቮልስ እየተባለ የሚጠራው ቮልስዋገን ቢትል ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡባት መኪና ቮልስ እንደነበረች ይታወቃል፤ በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ በ1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ ምርቷ የተቋረጠው የዚህች መኪና ብዛት ራሱ መለዋወጫዋ በብዙ አገሮች እንዲሠራ አድርጓል። ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠና በአየር የሚቀዘቅዝ ሲሆን፣ ዋናው ቀፎው የተሠራው ማግኒዥየም ከተባለው ቀላልና ለስላሳ ብረት ነው። በዚህ ቀፎ ላይ ጠንካራ የብረት ብሎን ከመጠን በላይ ሲጠብቅ የሚበላው የቀፎው ጥርስ ነው፤ ብሎኑ ምንም አይሆንም። አንዳንድ መካኒክ በዚህ ጊዜ ቀዳዳውን አስፍቶ ወፍራም ብሎን ያስገባል፤ ይህ የሲሚንቶው ጥገና ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲበላ የሚሰፋ አካል አይኖርምና። በቶርኖ የተሠራ ጥርስ ያለው የብረት ቡሽ አስገብቶ የቀድሞውን ቁጥር ብሎን መመለስ ግን የኖራው ጥገና ነው።

ደጋው የራሱ ጥያቄ አለው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ተራ የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ 34 የፈረስ ጉልበት የነበረው ባለ 1,200 ሲሲ ሞተር ከ2,100 ሜትር በላይ በሆነችው ጎንደር 27 ያህሉን ብቻ ይሰጣል፤ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ሲወጣም ይበልጥ ይቀንሳል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ የሚልከው ቤንዚን ለአየሩ ስለሚበዛ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ መኪናውም ቤንዚን ይፈጃል። ነዳጁን የምትመጥነው መሐሏ የተበሳ ትንሽ የናስ ብሎን ስትሆን፣ በላይዋ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳዋን ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ይናገራል፤ 125 የተጻፈባት ማለት 1.25 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ቀዳዳዋን በብየዳ ደፍኖ በሽቦ እንደገና መብሳት ቁጥሩን ውሸት ያደርገዋል፤ የሚቀጥለው መካኒክም በተጻፈው ተማምኖ ይሳሳታል። አነስ ያለ ቁጥር ያላትን ገዝቶ የነበረችውን በብልቃጥ ማስቀመጥ ግን ወጪው ትንሽ ነው፤ መኪናው ወደ ቆላ ቢወርድም መልሶ መግጠም ይቻላል።

ይህ መመዘኛ የሚያበቃበት ቦታ አለ፤ እሱም ፍሬን ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቀደዱት የሊማሊሞ መንገድ ከደባርቅ ደጋ ወደ ዛሪማ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ረጅሙ ቁልቁለት ፍሬንን ሳያሳርፍ ያግላል። የፍሬን ዘይት የሚባለው ፈሳሽ ስሙ ዘይት ቢሆንም ዘይት አይደለም፤ በእጥረት ጊዜ በምትኩ የሞተር ዘይት የሚጨምር ሰው የፍሬኑን ጎሚኒዎች አሳብጦ ያበላሻቸዋል። ትክክለኛው ፈሳሽም ቢሆን ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ ሲያረጅ በቀላሉ ይፈላል፤ የፈላበት መኪና ፔዳሉ ወለሉን እየነካ አይቆምም። ስለዚህ በፍሬንና በመሪ ላይ ብልሃትን ማድነቅ አይገባም፤ ለእነዚህ የታወቀ ምንጭና የታወቀ ልክ ያለው ዕቃ ብቻ ይፈቀዳል፤ ከሌለም መኪናው ቁልቁለቱን አይወርድም።

ስለ ማሻሻልም ተመሳሳይ ነገር መናገር ይቻላል። በዓለም የታወቀው የፖርሼ ስፖርት መኪና እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወለድ የተገነባው በቮልስዋገን ክፍሎች ነበር፤ ካርማን ጊያ የተባለው ባለ ውብ ቅርጽ መኪናም ከሥሩ ቮልስ ነው። የተዋሰ ዕቃ ክብር አይቀንስም ለማለት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎኖች ብቻ ስለሆነ በ1,200 ሲሲ ፋንታ ባለ 1,600 ሲሲውን መግጠም ደጋው የነጠቀውን ጉልበት የሚመልስ መጠነኛ ማሻሻያ ነው፤ የወጣው ሞተር በቁጥሩ እስከተቀመጠ ድረስ ማንም የኋላ ባለቤት ሊመልሰው ይችላል። ላሜራን ቆርጦ የሌላ መኪና አፍንጫ መበየድ ግን አይመለስም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በእጅ ያሉት አሮጌ መኪኖች ምትክ የማይመጣላቸው ሆነዋል። ስለዚህ ባለቤቶች ሁሉ አንድ ተራ ደብተር ይግዙ፤ ምን እንደወጣ፣ ምን እንደገባ፣ የዕቃውን ቁጥርና ቀኑን ይጻፉበት፤ መኪናው ሲሸጥም ደብተሩን ከቁልፉ ጋር ለገዢው ያስረክቡ።