እሑድ በአቃቂ ቃሊቲ፤ የእናት ዕረፍት ወዴት አለ?

አቃቂ ቃሊቲ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ፋብሪካን፣ መጋዘንን፣ ከባድ መኪናንና አቧራን ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ከመሐል ከተማ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቢሾፍቱና አዳማ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋው ይህ ክፍለ ከተማ ከአዲስ አበባ ነባር የኢንዱስትሪ አካባቢዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ሠራተኛ ባለበት ሁሉ የዕረፍት ቀን አለ፤ የዕረፍት ቀን ባለበትም ሁሉ «ዛሬ ልጆቹን ወዴት ልውሰዳቸው?» ብላ የምትጨነቅ እናት አለች። የዛሬው ጽሑፋችን የሚመለከተው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ሰባተኛው የሥራ ቀን

በሕግ በኩል ነገሩ ግልጽ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156 ሠራተኛው በየሳምንቱ ከ24 ሰዓት ያላነሰ፣ ያልተቆራረጠ ዕረፍት እንዲያገኝ ይደነግጋል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ነገር ግን የዐዋጁ ሥልጣን ከፋብሪካው በር አያልፍም። ስድስት ቀን በማሽን ፊት ቆማ የዋለች እናት በሰባተኛው ቀን ቤቷ ውስጥ የሳምንት ልብስ፣ ያልተለቀመ ሽሮና ያልተጋገረ እንጀራ ይጠብቃታል። ባል ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ለማየት ሲወጣ፣ ልጆች በመንገድ ላይ ሲሯሯጡ፣ እሷ ከሳፋው ሥር አትነሣም። እንዲህ ሲሆን እሑድ ለእርሷ የዕረፍት ቀን ሳይሆን ደመወዝ የማይከፈልበት ሰባተኛ የሥራ ቀን ይሆናል ማለት ነው።

ስለዚህ ስለ መዝናኛ ቦታ ከማውራታችን በፊት ስለ ጊዜ መነጋገር ይገባናል። እጥበቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢጀመር፣ ውኃ መቅዳቱና ማስጣቱ ለአባትና ለከፍ ያሉ ልጆች ቢከፋፈል፣ የእሑዱ ወጥ ቅዳሜ ማታ ቢሠራ፣ ቢያንስ አራት ወይም አምስት ሰዓት ነጻ ይሆናል። በዚህ በአራት ሰዓት ውስጥ ደግሞ በአቃቂ ቃሊቲና በአካባቢው ብዙ ነገር ማየት ይቻላል።

ባቡርና ፋብሪካ የሠሩት ሠፈር

አቃቂን ከገጠር መንደርነት ወደ ከተማነት ያሻገሩት ሁለት ነገሮች ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም። አንደኛው በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ነው። አቃቂ በዚያ መስመር ላይ የራሷ ጣቢያ ነበራት። ሁለተኛው ፋብሪካ ነው። በሕንዳውያን ባለሀብቶች ተሳትፎ የተቋቋመውና በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት የተወረሰው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከየአቅጣጫው ሠራተኛ እየሳበ ሠፈሩን ሞልቶታል። በቀድሞው ሐዲድ ላይ ዛሬ ባቡር አይሄድም፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር መስመር የራሱን መንገድ ይዟል። ያም ሆኖ «ሐዲዱን ታያላችሁ? አያታችሁ ወደዚህ ከተማ የመጡት በዚህ ነው» ብሎ ልጆችን በአሮጌው መስመር አጠገብ ማንሸራሸር አንድ ሳንቲም የማያስወጣ የታሪክ ትምህርት ነው።

ፋብሪካ ባለበት ደግሞ ኳስ አለ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በሚያዘጋጃቸው የሠራተኞች የስፖርት ውድድሮች እግር ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ፣ ዳማና ገመድ ጉተታ ሳይቀር ይካሄዳል። ሴቶች ሠራተኞችም የራሳቸው ውድድር አላቸው። እዚህ ላይ ለእህቶቻችን አንድ ነገር እናሳስባለን። በብዙ ድርጅት ሴቶች ከውድድሩ የሚቀሩት ችሎታ አጥተው ሳይሆን ልምምዱ ልጅ ከትምህርት ቤት በሚመለስበት ሰዓት ስለሚደረግ ነው። የሠራተኛ ማኅበራችሁ የልምምዱን ሰዓት በምሳ ዕረፍት ወይም በእሑድ ጠዋት እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ። ልጆችም እናታቸውን ከሜዳው ዳር ሆነው ሲያጨበጭቡላት መዋል ለእነርሱም ትልቅ መዝናኛ ነው።

ወንዙና ሐይቁ

አቃቂ ስሟን ከወንዟ ጋር የምትጋራ ናት። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው ወደ ደቡብ ይወርዱና በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይጓዛሉ። አባ ሳሙኤል የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተገደበ፣ በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተተከለበት ግድብ ነው። የማመንጨት አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና መንግሥት ርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀምሯል።

ሐይቁና በዙሪያው ያለው ረግረግ በወፎች ብዛት የታወቀ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ወራት ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎችና ረጃጅም እግር ያላቸው የውኃ ዳር ወፎች እዚህ ይከርማሉ። ልጅ ይህን ያህል አገር አቋርጦ የመጣ ወፍ ከፊቱ ሲያይ በመጽሐፍ ካነበበው ይልቅ ይታወሰዋል። ከሜዳው ላይ ሆኖ ዙሪያውን ለሚመለከትም በስተ ምሥራቅ የረር፣ በስተ ምዕራብ ፉሪ፣ ጭጋግ በሌለበት ቀን ደግሞ በስተ ደቡብ ራቅ ብሎ የዝቋላ ተራራ ይታያል። መስከረም ሲጠባ ሜዳው በአደይ አበባ ይሸፈናል። ክረምት ላይ ግን አይመከርም፤ የአቃቂ አፈር ጥቁር ዋልካ ስለሆነ ጭቃው ጫማ ያስቀራል።

ሐይቁ ያለበትን ችግርም ሳንደብቅ መናገር ይገባናል። የከተማው ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ በወንዞቹ በኩል የሚወርደው ወደዚሁ ነው። የሐይቁን ፊት እምቦጭ ወርሮታል። ስለሆነም ልጆች በወንዙ እንዳይዋኙ፣ እግራቸውን እንኳ እንዳይነክሩ መጠበቅ የእናትም የአባትም ግዴታ ነው። በወንዙ ውኃ በመስኖ የሚለማ ሰላጣና ቆስጣም በመልኩ ብቻ አይገዛ። በዚህ አካባቢ አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ እርሳስ ያሉ ብረቶችን አግኝተውባቸዋል። ማጠብና ማብሰል ተሐዋስያንን ይከላከላል እንጂ ተክሉ በሥሩ የጠጣውን ብረት አያወጣም። ስለዚህ አትክልቱ በምን ውኃ እንደለማ ሻጩን መጠየቅ ነውር የለውም።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «ሸገርን ማስዋብ» የተባለው የወንዝ ዳር ልማት ዕቅድ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነው። በላይኛው የከተማ ክፍል የእንጦጦ ፓርክና ሌሎችም መናፈሻዎች ተሠርተው ሕዝብ እየጎበኛቸው ነው። ይህ መልካም ነገር ነው። ይሁንና የሰባት ሰው ቤተሰብ ከአቃቂ እስከ እንጦጦ ተጓጉዞ፣ እዚያም ምሳ ገዝቶ እንዲመለስ ስንት ብር እንደሚፈጅ እያንዳንዷ እናት ጣቷን ቆጥራ ታውቀዋለች። የላይኛው ሠፈር ያጠበበት ውኃ የሚወርደው ወደ ታችኛው ነው፤ የላይኛው ሠፈር ያገኘው ጥላና አግዳሚ ወንበርም እንደ ውኃው ሁሉ ወደ ታች መውረድ አለበት እንላለን።

ቤት ውስጥ ለሚውል

ሁልጊዜ መውጣት አይቻልም። ታዳጊ ሕፃን ያላት ወይም ሌሊት ሠርታ ያደረች እናት ቤቷ ሆና ብታርፍ ይሻላታል። ዳንቴል መሥራት፣ ጥልፍ መጥለፍ፣ ጥጥ መፍተል ለእጅ ሥራ፣ ለሐሳብ ዕረፍት ናቸው። ወላጆቻችን ሬዲዮ ከፍተው ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ እየሰሙ ዳንቴላቸውን ይሠሩ ነበር። ልጆችም የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ላይ አባባ ተስፋዬን ተረት ሲያወሩ ለማየት ቴሌቪዥን ባለበት ጎረቤት ቤት ይሰበሰቡ ነበር። አባባ ተስፋዬ በ2009 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ ተረት ግን አላረፈም። ስልኩን ለአንድ ሰዓት አስቀምጦ ለልጆች ተረት የሚያወራ አባት ለልጆቹም ለሚስቱም ዕረፍት ሰጠ ማለት ነው።

ቡናም አለ። ጎረቤት ለጎረቤት ተጠራርቶ መጠጣት ሐሜት ብቻ ነው የሚሉ ቢኖሩም፣ ከየአገሩ መጥታ በአዲስ የጋራ መኖሪያ ቤት የገባች እናት ጎረቤቷን የምታውቀው፣ ልጇ ሲታመም ማንን እንደምትጠራ የምትለየው በዚሁ ነው። ብቻ ሁልጊዜ አንዷ ቤት አይሁን፤ ተራ ይያዝ። ያለዚያ ለአንዷ መዝናኛ የሆነው ለሌላዋ ሥራ ይሆናል።

ለመውጣት ያሰበ ቤተሰብ ደግሞ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ቢነሣ ይመረጣል። አቃቂ ከመሐል ከተማ ዝቅ ያለ በመሆኑ ቀትር ላይ ይሞቃል። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ከቤት የተቀዳ ውኃ፣ ለሕፃናት ባርኔጣ መያዝ ይበቃል። ብዙ ሆኖ መሄድ፣ ሳይመሽም መመለስ ያስፈልጋል። ቆሻሻችንንም ይዘን እንመለስ፤ ሐይቁ የራሱ ይበቃዋል። ማታ ሲገባ የሚጠብቀውን ሳህን ግን እናት ብቻዋን አትጠበው።