«ይሁን»

አባቴ በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ሞጣ ላይ ቀኑን ሙሉ የሰው ብር የምቆጥር የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቢቸና ቤታችን ገብቼ የጻፍሁትን ግጥም ሳነብላቸው «ሰሙስ ይኸው፤ ወርቁ የታለ?» ይሉኝ ነበር። ዛሬ ከአባቴ አንደበት የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነው።

ጊዜው የ2011 ዓ.ም. ፍልሰታ ነበር። አባቴ «ጾም አልገድፍም» ብለው የደም ግፊት ክኒናቸውን ካቋረጡ ሳምንት አልፏል። ከቅዳሴ መልስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደጃፍ እንደ ደረሱ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ መቋሚያው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። እናቴ «ምች ነው! በዝናቡ መካከል የወጣችው ፀሐይ መታቻቸው!» አለች። ጎረቤቱም «ምች ነው» አለ። ዳማከሴ ተቀጠፈ፣ ታሸ፣ ተጨመቀ። ፊታቸውን ቀቧቸው፤ አሸተቷቸው፤ ጋቢ አልብሰው አስተኟቸው።

ማታ ተደወለልኝ። «አባትህን ምች ነክቷቸዋል፤ ዳማከሴ ተቀብተው ተኝተዋል፤ አትሥጋ» አሉኝ። እኔ ስለ ስትሮክ ያነበብሁ ሰው ነኝ። የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር በድንገት ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። «አፋቸው ተጣሟል? እጃቸውን ያነሣሉ?» ብዬ መጠየቅ ይበቃኝ ነበር። አልጠየቅሁም። «ምች» የሚለውን ቃል ታቅፌ ተኛሁ።

በማግሥቱ ቢቸና ደርሼ ሳያቸው ገባኝ። መኪና ለምነን ከተማ ሆስፒታል ስናደርሳቸው ሐኪሙ አስቀድሞ የጠየቀኝ ስማቸውን አልነበረም። «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩት ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አለኝ። በጣቴ ቆጠርሁ። 21 ሰዓት አልፎ ነበር።

ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳኝ። ስትሮክ የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ፈንድቶ ሲደማ የሚመጣ ነው። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው የራስ ሲቲ ስካን ነው። ለተዘጋው፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ለሚደማው ግን ያው መድኃኒት መርዝ ነው። መድኃኒቱ ሕመሙ በጀመረ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ. በ1995፣ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስም እንደሚሠራ በ2008 ታውቋል። የአባቴ የተዘጋው ነበር። በግራ አንጎላቸው በኩል ነበርና ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው አብረው ሄዱ።

ቆይቼ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ስሌት አነበብሁ። ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ሳይታከም በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ በአማካይ 1.9 ሚሊዮን የአንጎል ሕዋሳት ይሞታሉ ይላል። ማባዛት እንጀራዬ ነው። ያን ሒሳብ ግን እስከ ዛሬ አልጨረስሁትም።

እናቴን አልወቅስም። ሌሊቱን ሙሉ ዳማከሴ ስታሽ ያደረች ሴት ናት። ባላት ቃል ጠራችው። እኔ ግን ሌላ ቃል ነበረኝ፤ ደብቄ አሳደርሁት። ግጥም የሚጽፍ ሰው ለአንዲት ስንኝ የተስማማ ቃል ፍለጋ ሌሊት ይነቃል፤ ለአባቱ ሕመም ግን ጎረቤት ያቀበለውን ቃል ተቀብሎ ይተኛል!

ዛሬ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች አሉ፤ አዲስ አበባ ላይም ስትሮክን ለይቶ የሚያክም ማዕከል ተከፍቷል። ይብዙልን። ሆኖም ሆስፒታል የቱንም ያህል ቢቀርብ፣ ሕመሙን በስሙ ከማይጠራ ቤት ሩቅ ነው።

አባቴ አሁን ለውኃውም፣ ለእንጀራውም፣ ለመሸውም፣ ለነጋውም «ይሁን» ይላሉ። ሌላ ቃል አልተመለሰላቸውም። ባለፈው ፍልሰታ እግራቸው ሥር ተቀምጬ «አባዬ፣ ያን ሌሊት እኮ ተኝቼ ነው ያደርሁ» አልኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ግራ እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩና «ይሁን» አሉ።

ሰሙን ሰምቻለሁ። ወርቁን እስከ ዛሬ እፈልጋለሁ።