ቤት ሲቀየር የትኛው መኪና ይበቃል?

ሴንት ጄምስ ታውን ሲገቡ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት 19 ረጃጅም ፎቆች ዙሪያውን ይከቡዎታል። በካናዳ ከተሞች ስም ነው የተሰየሙት። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ቤት ሲቀይሩ ልጆችዎ «ከተማ ለወጥን!» ቢሉ አልዋሹም።

ወር ሲያልቅ ግን ሶፋውም ፍራሹም በር ላይ ተደርድሮ ሊፍት ይጠብቃል። እናም ከመኪናው በፊት ሊፍቱን ያስይዙ። ሰዓትዎ ካለፈ ተራው የሌላ ሰው ነው።

ከዚያ መኪና ይምረጡ። ለባለ አንድ መኝታ ቤት 10 ጫማ፣ ለባለ ሁለት 15 ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። «ትንሿ ትረክሳለች» ብለው ብቻ አይቸኩሉ፤ ከቀን ኪራዩ ሌላ የኪሎ ሜትር፣ የኢንሹራንስና የቤንዚን ሒሳብ አለ። የሚሄዱት ጎረቤት ሕንጻ ከሆነ ትንሿ ሁለቴ ብትመላለስ ኪስ አትጎዳም፤ ሊፍቱን ብቻ ረዘም ላለ ሰዓት ይያዙ። ስካርቦሮ ከሆነ ግን ደርሶ መልሱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለቴ ሲሆን 80። ያኔ በአንድ ጊዜ የሚጨርሰው ትልቁ መኪና ይሻላል።

ደግሞም አይብዛ! ባለ 26 ጫማውን በፎቆቹ መሃል ማዞርም ማቆምም ፈተና ነው። ምድር ቤት ያለው ፓርኪንግማ ጣራው ዝቅተኛ ነው፤ አይሞክሩት።

አስቀድመው ሶፋውን ይለኩ፤ ልጆች ካርቶኑን ይቁጠሩ። የተረፈው ዶላር «ቤት ለእንቦሳ» ለሚሉ ጎረቤቶች ቡና ይሆናል። ልጆችንም መልሱን ያስተምሯቸው፦ «እንቦሳ እሰሩ!»