ቆርኪ ለቃሚዋ ቲቸር

ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ውስጥ ቆርኪ የሚበዛበትን ግሮሰሪ ሁሉ አውቅ ነበር። ማለዳ ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ ትምህርት ቤት ሳልፍ፣ ደጃፍ የምትጠርግ አስተናጋጅ «ቲቸር፣ ትናንት ሠርገኞች ነበሩ፤ ዛሬ ሞልቶልሻል» ብላ በፌስታል ታቀብለኛለች። የቢራውን ከአምቦ ውሃው ለይቼ፣ አጥቤ፣ ጠርዙ ጣት እንዳይቆርጥ በድንጋይ ቀጥቅጬ ክፍል አስገባዋለሁ። ጎረቤቶቼ ስለ እኔ ምን ይሉ እንደነበር እግዜር ይወቅ።

ገና ከኮሌጅ መውጣቴ ነበር። የ2002 ዓ.ም. የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ በኋላ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚማሩበት የአንድ ዓመት «ኦ ክፍል» እየተከፈተ ነበርና፣ እኔም ከስልሳ የሚበልጡ ሕፃናት ተረከብኩ። መዋዕለ ሕፃናት ገንዘብ ላለው የከተማ ሰው ብቻ ይመስል በነበረበት አገር፣ ባዶ እግሩን የመጣም ቦርሳ ያንጠለጠለም አንድ ዴስክ ላይ ሲቀመጥ ማየት ደስ ይል ነበር።

ልጆቹ ቁጥር በዜማ ሲጠሩ ጣሪያው ይነሣ ነበር። እስከ ሃምሳ የሚደርስ፣ ይበቃል ቢሉት እንኳ የማይቆም አንድ ፈጣን ልጅ ነበረኝ። «እስቲ ስድስት ቆርኪ ስጠኝ» ስለው ግን በሁለት እጁ አፍሶ ዘረገፈልኝ። እናቷ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ልጅ ደግሞ ሰባት ቆርኪ አንድ በአንድ እየነካች በትክክል ትቆጥራለች፤ «ታዲያ ስንት ሆነ?» ስላት እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑ ገና አልገባትም። ከገጠሩ በእግሩ የሚመጣው እረኛ በበኩሉ ከሃያ በላይ መጥራት አይችልም፤ ዘወር ሲል አንዱን ቆርኪ ብደብቅ ግን ሳይቆጥር ያውቅብኛል። «አንዷ የለችም!» ይለኛል፣ በጎቹን የሚጠራበት ቋንቋ ሳይለቀው።

እነዚህን ሦስት ልጆች በአንድ ሰሌዳ፣ በአንድ ትምህርት እንዴት ላስኬዳቸው? መላውን ያሳየችኝ ሁላችንም «እትዬ» የምንላት አንጋፋ መምህርት ናት። ኮሌጅ ሳለሁ ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ስለከፈተችው የልጆች ቤት፣ አሃዱንና አሥሩን ስለሚያሳዩት ዶቃዎቿ ሰምቼ ነበር። እትዬ ዶቃ የላትም። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና «አራት ጥግ አለሽ አይደል? ለየጥጉ ሥራ ስጪው» አለችኝ።

አንዱ ጥግ ሱቅ ሆነ፤ ሸቀጡ የክብሪት ቀፎና ባዶ የኦሞ ካርቶን፣ ገንዘቡ ቆርኪ። ሁለተኛው ጥግ አሸዋ የተነጠፈበት ትሪ ነበረበት፤ ልጆቹ የቁጥሩን ቅርጽ በጣታቸው ይጽፉበታል። በሦስተኛው ጥግ አሥር አሥር ሆኖ በላስቲክ የታሰረ ስንጥር ተቀመጠ። በሰሌዳ «አሥራ አራት» ጻፉ ሲባሉ 104 ብለው የሚጽፉ ልጆች፣ አንድ እስርና አራት ነጠላ ስንጥር እጃቸው ላይ ሲይዙ ነገሩ ይገለጥላቸዋል። አንድ የቄስ ልጅ ግን ተከራከረኝ፤ በአባቱ መጽሐፍ አሥርም አራትም ጎን ለጎን እንዳሉ ነው የሚጻፉት። ለካ ፲፬ን አይቶ ኖሯል! እትዬ ሳቀችና የግዕዙንም ካርድ ከእስሩ አጠገብ አኖረችለት።

አራተኛው፣ የእኔ ነፍስ የቀረበት፣ የገበጣ ጥግ ነው። ጀማሪዎቹ በየጉድጓዱ አንዳንድ ጠጠር ብቻ ይጥላሉ፤ አንድ ለአንድ ማዛመድ ማለት ይኸው ነው። ትንሽ የገፉት ከየጉድጓዱ አፍሰው «ስንት ነው?» ይባባላሉ። ጎበዞቹ ደግሞ ጠጠሩን ከመዝራታቸው በፊት የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ መናገር አለባቸው። መደመርን የጀመሩት እዚያ ነው፤ የመደመር ምልክት ገና ሳያዩ። እረኛው በዚህ ጥግ ንጉሥ ነበር፤ ፈጣኑ ልጅ ሳይቀር ተለማምጦ ይማርበታል።

ሳጨበጭብ ቡድኖቹ ጥግ ይለዋወጣሉ። እኔ አንዱ ዘንድ በርከክ ብዬ የከበደውን ልጅ አዳምጣለሁ፤ ሌሎቹ እርስ በርስ ይራረማሉ። ጫጫታው ግን አይጣል ነው። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆመው «ማስተማር የምትጀምሩት ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አሉ። እትዬ ፈገግ ብላ «ይግቡና ከሱቃችን አንድ ነገር ይግዙ» አለቻቸው። ሰባት ቆርኪ ለተለጠፈበት ኦሞ አሥር ከፈሉ። ባለሱቋ የፋብሪካ ሠራተኛዋ ልጅ ነበረች። «ሰባት» ብላ ጀመረችና «ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር» እያለች ሦስት ቆርኪ መዳፋቸው ላይ አኖረች። «ስንት መለስሽልኝ?» አሏት። «ሦስት!» አለች፣ ከአንድ ሳትጀምር። እሳቸው ዋጋ ለማስቀነስ ሞከሩ፤ እሷ አሻፈረኝ አለች። የመልስ ደረሰኝ ያላቸው ያህል ቆርኪውን ኪሳቸው ከተው ሄዱ፤ ሦስቱንም አልመለሱልንም።

አሁን ቅድመ አንደኛ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ የታተመ መጽሐፍም አለ። እኔ ግን ዘመድ ቤት ስሄድ «እስከ መቶ ቁጠርልን» እየተባለ የሚጨነቅ ሕፃን ካየሁ ጠጋ እልና፣ ቡና ሊቀዳ ሲል «ለሁላችንም አንዳንድ ስኒ አምጣልን፣ እንዳይተርፍ እንዳይጎድል» እለዋለሁ። ዞር ብሎ እያንዳንዳችንን በዓይኑ ከለካን፣ ራሱን መቁጠር ከረሳም ተመልሶ ካስታወሰ፣ ሒሳብ ጀምሯል።