ሐምሌን በአቀስታ

ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር «ዘንድሮ ዕረፍታችንን የት እናሳልፍ?» ብላችሁ ተወያይታችሁ ታውቃላችሁ? በእኛ ቤት ይህ ጥያቄ ስድስት ዓመት ሙሉ አልተነሣም። ያልተነሣው ስለተስማማን አይደለም፤ መልሱን እኔ ብቻዬን አስቀድሜ ስለወሰንኩት ነው።

የምንኖረው ኦስሎ ነው፤ የሄድነው በ2004 ዓ.ም. ነበር። እኔ የአቀስታ ልጅ ነኝ፣ ባለቤቴ ደግሞ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። የኖርዌይ ሰዎች ብርዱ አልፎ በጋ ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ክረምቱን በአውቶቡስ አጠገባችሁ ተቀምጦ ቀና ብሎ የማያያችሁ ጎረቤት ሐምሌ ላይ ተራራ መንገድ ላይ ስታገኙት ቀድሞ ሰላም ይላችኋል። ትምህርት ቤት ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ ይዘጋል። የዓመት ፈቃድ በሕጋቸው አራት ሳምንት ከአንድ ቀን ሲሆን ብዙዎቹ በስምምነት አምስት ሳምንት ያገኛሉ፤ ከዚያም ሦስቱን ሳምንት ሳያቋርጡ በበጋው ወራት የመውሰድ መብት አላቸው። (በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ስንቶቻችን በትክክል እንደምንወስደው እናንተው ታውቃላችሁ።) ደግሞ «ፌሪየፔንገር» የሚሉት የዕረፍት ገንዘብ አለ። ካለፈው ዓመት ደመወዝ ቢያንስ 10.2 በመቶ ይታሰብና አብዛኛውን ጊዜ በሰኔ ይከፈላል። ሰው እንዲያርፍበት ታስቦ የተቀመጠ ገንዘብ ነው።

ታዲያ ሁሉም ወደ «ሂተ»ው፣ ማለትም ወደ ገጠር የእንጨት ቤቱ፣ ወይም ወደ «ሲደን» ሲሄድ አረጋውያንን ማን ይንከባከባል? («ሲደን» በደቡብ ያሉ የሞቁ አገሮች መጠሪያ ነው፤ ስፔንም ግሪክም ለእነርሱ ያው ሲደን ነው።) የሚንከባከበው እንደ እኔ ያለው ነው። «ፌሪቪካር» ይባላል፤ ዕረፍት የወጡትን የሚተካ ሠራተኛ ማለት ነው። በየሐምሌው የሌሊት ተረኛ ሆኜ የሰው እናት ሳገላብጥ፣ ሳለብስ፣ ሳበላ አነጋለሁ። የማገኘውንም ለራሴ እናት እልካለሁ። መልካም ልጅ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ባለቤቴ ልጃችንን አስተኝታ መጣችና «አንተ ለእናትህ ስድስት ዓመት ገንዘብ ላክህላት። አሁን ልጅ ላክላት» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ተቆጣሁ። ስለ አውሮፕላን ዋጋ ብዙ ተናገርኩ። እርሷ ዝም ብላ ሰማችኝ። ሦስት ቀን ሳንነጋገር ከቆየን በኋላ በአራተኛው ቀን ሄጄ የሐምሌን ተራዬን ሰረዝኩ።

እማዬን ደውዬ ለዕረፍት እንደምንመጣ ስነግራት መጀመሪያ እልል አለች፤ ከዚያ ግን «ዕረፍት? በሐምሌ?» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው። የኖርዌይ በጋ የእኛ ክረምት ነው። ለጋምቦ ላይ ሐምሌ የበልጉ ገብስ በዝናብና በዝናብ መካከል የሚታጨድበት ወር ነው። ማን ያርፋል?

የአምስት ዓመቷ ልጃችን ከአማርኛ ይልቅ ኖርዌይኛ ይቀናት ስለነበር እናቷ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ባለው አራት መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ቃላት አስጠናቻት። «ጉ ቱር» እዚህ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ» ነው። «ማትፓከ» ስንቅ ነው፤ ኖርዌጂያን ዳቧቸውን በወረቀት ጠቅልለው ተራራ እንደሚወጡት፣ አያትሽ ደግሞ በሶና ዳቦ ቆሎ ትቋጥርልሻለች። ሰው ቤት ስትደርሺ በር አትደበድቢም፤ «ቤቶች!» ትያለሽ፣ ከውስጥ «ደጆች!» ይሉሻል። ስትፈሪ ደግሞ የወሎ ሰው «አብሽሪ» ይልሻል፤ አይዞሽ ማለት ነው። ልጅቷ ይህችን የመጨረሻዋን በጣም ወደደቻትና ሾፌሩን ሳይቀር «አብሽር» ስትለው ዋለች።

ከደሴ ወጥተን ወደ ጉጉፍቱ ስንጠጋ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። እዚያ ያለው ከፍታ ቀልድ አይደለም። ከአቀስታ ወዲያ አምባ ፈሪት ወደ 4000 ሜትር ይጠጋል፤ ውርጭ የሚያውቀው አገር ነው። ኖርዌጂያን «መጥፎ አየር የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ» የሚሉት አባባል አላቸው። ይህን አምነን ውድ የዝናብ ልብስ ለብሰን ነበር። እማዬ ደጅ ላይ ልጅቷን ዳሰሰችና «ውኃውንስ ይከለክል ይሆናል፣ ብርዱንስ?» ብላ ባናዋን ደረበችባት። ልጅቷ ከባናው ውስጥ አንገቷን አውጥታ «ቤስተሙር» አለቻት። አያቴ ማለቷ እንደሆነ ስነግራት እማዬ ቃሉን ደጋግማ ሞከረችው፤ ማታ ለጎረቤቶቿ ሁሉ «የእኔ ስም ቤስተሙር ሆኗል» ስትል ሰማኋት።

ከዚያ ከዋናው ቤት ጎን ወዳለች ባለ ቆርቆሮ ክፍል ወሰደችን። ቁልፉን ከአንገቷ ፈትታ ከፈተች። የተነጠፈ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ የተሰቀለ መስተዋት። በላክሁት ገንዘብ ሠርታ የጨረሰችው በሦስተኛው ዓመት ነበር። «የእናንተ ነው» አለች። እስከዚያ ድረስ ማንም አልተኛበትም። እርሷ ግን ጭስ በሚበዛበት አሮጌው ቤት ትተኛ ነበር። እኔ ቃል አልወጣኝም። ባለቤቴ ናት እጄን ይዛ «በል፣ ይኸው ሂታችን» ያለችኝ።

ሂተ ምን እንደሆነ እማዬ ጠየቀች። እኔም የአገሩን ተጓዦች ማኅበር የተራራ ቤቶች አጫወትኳት። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1868 እ.ኤ.አ. ነው። አንዳንዶቹ ቤቶች ጠባቂ የላቸውም፤ ተጓዡ በቁልፍ ይገባል፣ እሳት ያነዳል፣ ከመጋዘኑ ይበላል፣ ያደረበትንና የበላውን ራሱ መዝግቦ ይከፍላል። እኔ ታማኝነታቸውን ታደንቃለች ብዬ ነበር። እርሷ ግን አዝና «ታዲያ እንግዳ ሲደርስ እግሩን ማን ያጥበዋል?» አለች።

ሦስት ሳምንት ቆየን። ገብስ አጨድኩ፤ እጄ ተላጠ፣ ጎረቤቶች ሳቁብኝ። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን እሸት ይዘው መጥተው ዱዓ አደረጉልን። አንድ ቀን እስከ መካነ ሰላም ዘለቅን። የደንቆሮን ደን፣ ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን ለልጃችን ልናሳያት ነበር፤ ዝናቡ ከለከለን። አለቀሰች። በጋ ላይ፣ ማለትም ከጥቅምት በኋላ መሄድ የሚችል ሰው የተሻለ ያያል።

እንደ ዕረፍት ከቆጠራችሁት አንድም ቀን አላረፍንም። ሆኖም ማታ ማታ በዚያች ክፍል ከባለቤቴ ጋር ለዓመታት ያላወራነውን አወራን፤ እኔም ስለዚያ የፋሲካ ሰሞን ቁጣዬ ይቅርታ ጠየቅኋት።

በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ ገባ፤ በ2015 መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ፤ እኛም አልተመለስንም። ስልኩ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፣ አንዳንድ ጊዜ ለሳምንታት ይጠፋል። ሲገኝ ልጃችን ናት ቀድማ የምትነጥቀው፤ አሁን አማርኛዋ ከእኔ የተሻለ የወሎ ቃና አለው። ባለፈው ስንደውል እማዬ ፀሐይ ስለወጣ ፍራሹን ደጅ አውጥታ እያራገፈች ነበር። «ኧረ እማዬ፣ አንቺ ተኝበት!» ብላት «እናንተ ስትመጡ የት ትተኙ?» አለችኝ።