ጭንቀት ቤታችን የገባ ጊዜ



የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር 2015 ይፋ በሆነ ዕለት አሶሳ ያለው ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሎ ዋለ። ልጃችን ግማሹን አላመጣችም። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን በዜና ሰምተናል፤ ይሁን እንጂ ቁጥሩ ለእርሷ መጽናኛ አልሆናትም። «ድሮም ደደብ ነኝ፤ ከእንግዲህ የትም አልደርስ» ብላ ተሸፋፍና ተኛች። ምግብ ቀነሰች፤ ጓደኞቿን ሸሸች፤ ሰላቷን እንኳ በግድ ትሰግድ ጀመር።

እኛም ወላጆቿ አጠፋን። «የእገሌ ልጅ እንዴት አለፈች?» አልናት። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ አሥረኛ ክፍል እንደ ነበረች፣ በዚሁ በክልላችን በመተከልና በካማሺ ደግሞ በግጭቱ ሳቢያ ጨርሶ ከትምህርት ገበታ የተለዩ ልጆች እንዳሉ ረሳነው። (መርሳት እንኳ አይደለም፤ ንዴቱ ነው።)

ነገሩን ያለዘቡት በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ የመጡት አያቷ ናቸው። ከማንጎው ዛፍ ሥር ቡና እያፈሉ ጠሯትና «እስቲ የወደቅሽው ምን ምኑን ነው? አንድ በአንድ ንገሪኝ» አሏት። እያለቀሰች ቆጠረች። ሒሳብና ፊዚክስ ዝቅ ብለዋል፤ ባዮሎጂና እንግሊዝኛ ግን ከግማሽ በላይ ነበሩ። «ታዲያ ደደቧ የትኛዋ ናት?» አሏት። ልጅቱ መልስ አጣች።

ፊደል ያልቆጠሩት አያታችን ያደረጉት፣ በ322 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ሙስሊሙ ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤንነት ከጻፉት ጋር መግጠሙን ያወቅነው በኋላ ነው። ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት በቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ለጭንቀት ጊዜ የሚሆኑ ጤናማ ሐሳቦችንም ልቡ በተረጋጋበት ወቅት ያዘጋጅ ብለው ይመክራሉ። የዛሬ ሐኪሞችም ሰውን የሚያስጨንቀው የደረሰበት ነገር ብቻ ሳይሆን ስለዚያ ነገር ለራሱ የሚነግረውም ነው ይላሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ ነበር፤ ዑለማዎች የመጀመሪያውን ገና ላልመጣው፣ ሁለተኛውን ላለፈው ነገር ይሰጡታል። ልጃችን ሁለቱንም ባንዴ ተሸክማ ነበር። ወሕይ ዘግይቶ ሙሽሪኮች «ጌታው ትቶታል» እያሉ ባወሩ ጊዜ ስለ ወረደችው ስለ ሱረቱ አድ-ዱሓም በዚያ ሰሞን ደጋግመን አጫወትናት። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከራቀ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ ከተወኩል አያወጣም።

ልጃችን ውጤቶቿን በወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ከፈጅር ሰላት በኋላ፣ የአሶሳ ሙቀት ሳይበረታ፣ ሒሳብ ትሠራ ጀመር። በ2015 መጨረሻ ድጋሚ ተፈተነች። በዚያኛውም ፈተና ግማሹን ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ውጤቱ በመስከረም 2016 ሲወጣ እጃችን የተንቀጠቀጠው እኛ ነን። እርሷ ዉዱእ አድርጋ፣ ሁለት ረከዓ ሰግዳ፣ ቁርሷንም በልታ ስልኩን ከፈተች። አሁንም ግማሹ አልሞላም። ዝም ብለን አየናት። እርሳስ አንስታ ግድግዳው ላይ ካለው ቁጥር አጠገብ አዲሱን ጻፈችና፣ «ሒሳብ በ14 ከፍ ብሏል» አለችን።