ሦስት ደቂቃ ዝምታ

ጋሼ ማንኛውንም ሬዲዮ ከመሰካታቸው በፊት ያሸቱት ነበር። የኋላ ክዳኑን በካቻቪቴ ይፈቱና ዓይናቸውን ጨፍነው አፍንጫቸውን ወደ ሽቦው ያስጠጋሉ። የተቃጠለ ትራንስፎርመር የራሱ ሽታ አለው፣ ያፈሰሰ ኮንደንሰርም የራሱ፣ አይጥ የሸናበትም እንዲሁ። «እርጥበት ገብቶበታል፤ ፀሐይ ላይ አውጣው» ይሉኛል። እኔ የአሥራ አራት ዓመት ተለማማጅ ነበርኩ። ሱቃችን ፒያሳ፣ በልብስ ሰፊና በሰዓት ሠሪ መሀል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል ነበረች።

የማልረሳው የሬዲዮ መቀበያ የመጣው በ1968 ዓ.ም. ክረምት፣ በጆንያ ተጠቅልሎ ነው። ያመጡት ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ፣ የጋሼ የልብ ወዳጅ ነበሩ። «ከዳኮታ ላይ የወረደ ነው። ልጆቼ ለቆራሌው ሊሰጡት ሲሉ ደረስኩ፤ አንተ እጅ ይሻለዋል» ብለው ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፉት ጠረጴዛው ሲጥ አለ። 16 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ጥቁሩ ቀለም እንደደረቀ ጭቃ የተኮማተረ ነው። እኔ ያረጀ መስሎኝ ልፍቀው ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ፤ ለካ ገና ከፋብሪካው እንዲያ ሆኖ እንዲደርቅ ተደርጎ የተቀባ ነው።

ስሙ ቢሲ-348 ይባላል። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቢ-17 እና በቢ-24 ቦምብ ጣዮቻቸው ውስጥ የገጠሙት መቀበያ ነው። እኛ ዳኮታ የምንለው ሲ-47ም ይኸው ነበረው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ካይሮ የበረረው በሲ-47 ነው። መቀበያው ስምንት ቫልቭ አለው፤ ድምፅ ማጉያ ግን የለውም፤ ሞተር በሚያገሳበት ሆድ ውስጥ የሚደመጠው በጆሮ ማዳመጫ ነበር። ከአውሮፕላኑ 28 ቮልት ይቀበላል፤ ውስጡ ያለው ዳይናሞተር የሚባል ትንሽ ሞተር እየዞረ ያንን ወደ 220 ቮልት ገደማ ከፍ ያደርግለታል። ከጦርነቱ በኋላ በርካሽ ተሸጦ ብዙ ሰው እጅ ገባ። የገዙት ሰዎች ዳይናሞተሩን እየነቀሉ፣ ፊቱን በትራፓኖ እየበሱ ለቤታቸው እንዲመች አደረጉት። ስለዚህ ዛሬ ብርቅ የሆነው ማንም ያልነካካው ነው። የእኛው አልተነካካም ነበር።

ጋሼ አንድም ቀዳዳ እንዳይጨመርበት ወሰኑ። ውሳኔያቸው ያኔ ግትርነት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ልክ እንደነበሩ አምናለሁ። ዳይናሞተሩን ፈተው፣ ቀብተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡት። በእሱ ቦታ፣ በዚያው የብሎን ቀዳዳ፣ ከግድግዳ መብራት የሚሠራ ትራንስፎርመር ጠምጥመው ገጠሙ። የቫልቮቹ ክር በተከታታይ የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ሲቃጠል ባልደረቦቹም ይቀዘቅዛሉ። የአብዛኞቹ ቫልቮች ልባስ ብረት በመሆኑ መብራታቸው አይታይም፤ በጣት እየዳሰስን፣ በቴስተር እየለካን የሞተውን አገኘነው። ምትኩን ያገኘሁት ምናለሽ ተራ፣ ከአንድ የሳሎን ሬዲዮ ሬሳ ውስጥ ነው።

ከሁሉ የከበደው ኮንደንሰሩ ነበር። አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ በዘይት የተነከረ ወረቀት ሦስት ጥቅል ሆኖ ተቀምጧል፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ወረቀቱ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ጀምሯል። ሌላ ሰው ቢሆን ቆርጦ ይጥለውና አዲስ ያንጠለጥልበት ነበር። ጋሼ የቆርቆሮውን ክዳን በካውያ አሙቀው፣ እርሳሱን አቅልጠው ከፈቱት። የበሰበሰውን በፒንሳ አወጡ፣ ሦስት ትንንሽ አዲስ ኮንደንሰሮች ከተቱ፣ ክዳኑን መልሰው በእርሳስ ዘጉት። ከላይ የሚያየው ሰው የ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሣጥን ነው የሚያየው። ለዚያች አንዲት ሣጥን ግማሽ ቀን ሄደ።

ለመስማት ክረምቱ እስኪወጣ ጠበቅን፤ መካከለኛ ሞገድ ላይ የመብረቅ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ኅዳር 1969 አንድ ምሽት ሰዓት እላፊው ሳይደርስብን ሱቁን ከውስጥ ዘግተን አደርን። ጋሼ ወጣትነታቸውን በጦር ሠራዊቱ መገናኛ ክፍል ያሳለፉ ስለነበሩ ሞርስ እንደ ንግግር ይሰማሉ። ቁልፉን ወደ 500 ኪሎኸርዝ አዙረው ከማዳመጫው አንዱን ጆሮ ለእኔ ሰጡኝ። ተደራራቢ ቀጭን ፉጨት፣ ታ ቲ ታ፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እየገባ ይንጫጫል። «መርከቦች ናቸው፤ ቀይ ባሕር ላይ ያሉ» አሉኝ። ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር።

ሰዓታቸውን ተመለከቱ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ጫጫታው በቢላ እንደተቆረጠ ጸጥ አለ። የተበላሸ መስሎኝ ደነገጥኩ። ጋሼ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። በየሰዓቱ ከ15 እስከ 18ኛው፣ ከ45 እስከ 48ኛው ደቂቃ መርከብ ሁሉ ዝም ይል ነበር። በዚያች ሦስት ደቂቃ የሚሰጥም ሰው ደካማ ጥሪ ካለ እንዲሰማ ነበር። የመርከብ ሬዲዮ ክፍል ሰዓት ላይ እነዚያ ደቂቃዎች በቀይ ይቀቡ ነበር። ውጭ ከተማው በሰዓት እላፊ ጭጭ ብሏል፣ ማዳመጫው ውስጥ ባሕሩ ጭጭ ብሏል። ማንም አልተጣራም። ጋሼ በረጅሙ ተነፈሱና «ዛሬ ደህና ነው» አሉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መጋቢት ላይ፣ በከተማው የቤት ለቤት ፍተሻ መጣ። የጦር መቀበያ ይዞ መገኘት ያኔ ምን ማለት እንደሆነ ለዘመኑ ሰው አይነገረውም። መልእክት መላክ እንደማይችል ማን ቆሞ ያስረዳል? ሌሊቱን ፈታታነው፤ ፊቱን ወደ አንድ ጥግ፣ ሆዱን ከሙት ሬዲዮኖች ክምር መሀል፣ ቫልቮቹን በየቆርቆሮው በተንን። ፈታሾቹ ገብተው ክምሩን አይተው፣ አንድ ሁለቱን በእግራቸው ገፋ አድርገው ሄዱ። እንደተበተነ ዓመታት ቆየ። ጋሼ ሲያርፉ ዕቃቸውን የተዉት ለእኔ ነው፤ ካውያቸውም ካቻቪቴያቸውም ዛሬ እጄ ላይ ናቸው።

ጡረታ ስወጣ ክፍሎቹን ሰብስቤ ገጠምኩት፤ ያቺ የቆርቆሮ ሣጥን ዛሬም ትሠራለች። ሌሊት ቁጭ ብዬ 500 ላይ አዞርኩት፤ ሰዓቴ 15 እስኪል ጠበቅኩ፣ 18 አለፈ፣ 45 አለፈ። በ1999 (እ.ኤ.አ.) መርከቦች ሙሉ ለሙሉ ወደ ሳተላይትና ወደ ሌላ ሥርዓት ተሻግረዋል፤ ያ ጫጫታ የለም።

አባትዎ ወይም አያትዎ የተዉት አሮጌ ሬዲዮ ጓዳ ውስጥ ካለ ለቆራሌው አይስጡት። እንዲሁ በደረቁም አይሰኩት፤ ያረጀው ኮንደንሰር ትራንስፎርመሩን ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ ክዳኑን ይፍቱና ያሽቱት፤ ከዚያ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉለት፤ ጥቂቶች አሁንም አለን።